ስለ ነጋዴው የተባለው

ሥርጉት ስለ መጽሐፍ ስትናገር ሰው ሻዩን አስቀምጦ ነበር የሚሰማት። ኮተቤ አካባቢ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ስታስተምር ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ድምፅዋም ከኋላ ወንበር ያንቀላፋ ተማሪ መቀስቀስ የለመደ ነው። ነገር ማለሳለስ አታውቅበትም። የወደደችውን መጽሐፍ ደረቷ ላይ ታቅፋ፣ የጠላችውን ደግሞ እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ትመጣለች።

አንባቢዎቹ ቅዳሜ ከሰዓት የሚገናኙት መገናኛ፣ በጋሽ ሁሴን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነው። ጋሽ ሁሴን በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው ደብተርና እስክሪብቶ ሲሸጡ ያረጁ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ መጽሐፍ የሚገልጡ ሰው ናቸው። ቢንያም የሚባል ወጣት የባንክ ሠራተኛም አለ፤ የሚነበበውን የሚመርጠውና በቴሌግራም የሚያስታውሳቸው እሱ ነው። ሌሎች ሁለት ሦስት ሰዎች ይመጣሉ፣ ይቀራሉ። ዳርቱ ግን ቀርታ አታውቅም።

ዳርቱና ሥርጉት ለመምህርነት ሲሠለጥኑ በአንድ ተደራራቢ አልጋ፣ አንዷ ከላይ አንዷ ከታች ተኝተው ያደጉ ጓደኛሞች ናቸው። ዳርቱ ሒሳብ ታስተምራለች። ከባሏ ከጅሬኛ ጋር የምትኖረው እንጦጦ ማርያም አጠገብ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ነው። በስብሰባው ላይ ብዙ አትናገርም፤ ሥርጉት ስትናገር አፏን በእጇ ሸፍና መሳቅ ይቀናታል።

ከሦስት ዓመት በፊት የዳርቱ እናት ፍቼ አጠገብ ባለ መንደራቸው ታመው አረፉ። ዳርቱ ጥቁር ለብሳ ስትመለስ፣ ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሁሉ «ደረስሽባቸው ወይ?» ሲላት፣ «ደርሻለሁ፤ እጄ ላይ ነው ያረፈችው» ትል ነበር። ዕንባ ሲያቋርጣት ሥርጉት ተቀብላ ትጨርስላታለች። «ዓይናቸውን የከደነችው እሷ ናት» እያለች ለስንቱ ሰው አወራች።

ይህ በሆነ በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምት ላይ ቢንያም የመረጠው መጽሐፍ ስለ አንድ ነጋዴ የሚተርክ ልቦለድ ነበር። ነጋዴው እናቱ ልትሞት ስትጣጣር ይጠሩታል። መንደሩ ከወንዝ ማዶ እየታየው፣ አልቤርጎ ይዞ ሲጠጣ ያድራል። ሲነጋ ዋይታ ይሰማል።

«እኔ እንደው አልፈረድኩበትም» አሉ ጋሽ ሁሴን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወግረዋል፤ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ሰው የሚፈራው ጠላቱን ብቻ አይደለም። የሚወደውንም ይፈራል።»

«ካራክተሩ በጣም ሪያሊስቲክ ነው» አለ ቢንያም። «አንተ ምን ታደርግ ነበር እያለ ነው የሚጠይቀኝ።»

ሥርጉት መጽሐፉን በሁለት ጣቷ አነሳችው።

«እኔን ምንም አይጠይቀኝም! ምን ሆናችኋል? እናት ‹ልጄን› እያለች በር በሩን እያየች፣ አልጋ ተከራይቶ የሚተኛ ሰው ምኑ ያሳዝናል? ፍርሃት ትላላችሁ። ፍርሃት ለአንበሳ ነው። ደራሲው ያን ሁሉ ገጽ ያባከነው እንድናዝንለት ነው፤ እኔ አላዝንም። ለእንዲህ ያለ ሰው ማዘን እናትየዋን ሁለተኛ መግደል ነው።»

«ኧረ ቲቸር፣ ከበደ» አለ ቢንያም እየሳቀ።

«አልከበደም! ልጅ ማለት ምን እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ይቺን ጠይቋት» አለችና የዳርቱን ትከሻ ያዘች። «እናቷ እጇ ላይ ነው ያረፉት። ፊታቸው እንዳልነበር ሆኖ፣ እሷ ግን አልሸሸችም። ንገሪያቸው፣ ዳርቱ።»

ሁሉም ወደ ዳርቱ ዞሩ። ዳርቱ ከፊቷ ያለውን ብርጭቆ ትንሽ ገፋ አደረገችው። ከዚያ «ታክሲ ሳይጠፋ ልሂድ፣ ዝናቡ ብሶበታል» ብላ ነጠላዋን አነሳችና ወጣች። ሥርጉት የእናቷ ነገር ሆዷን ባር ባር አሰኝቷት ነው ብላ አሰበች፤ እንዲያውም ጓደኛዋን በማመስገኗ ደስ ብሏት አመሸች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳርቱ አልመጣችም። በማግሥቱ ሥርጉት ደወለች፤ አታነሳም። መልእክት ላከች፤ ምላሽ የለም። ሳምንት ሲደገም ለጅሬኛ ደወለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄዳ፣ እዚያ ታክሲ ቀይራ ዳገቱን ወጣች። ላይ ስትደርስ ጉሙ ዛፎቹን ከወገባቸው በላይ ውጧቸዋል። ጅሬኛ በደወለችለት መሠረት ጃንጥላ ይዞ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ይጠብቃታል።

ከአስፋልቱ ወደ ቤታቸው የሚወስደው መንገድ ጭቃ ነው። ጅሬኛ ከፊት ከፊት ሄደ። በኋላ ቆመ።

«እቴ ሥርጉት፣ ሳትገቢ አንድ ነገር ልንገርሽ። እንደነገርኩሽ እንዳትሰማ። እኔም ያወቅኩት ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ነው።»

«ምን ሆነች? አሟታል?»

«እናቷ ሲያርፉ አልነበረችም።»

ሥርጉት አልገባትም።

«ፍቼ ድረስ ደርሳ ነበር። ከዚያ መንደራቸው በእግር የሚኬድ ነው። ወንድሟ ደወለና ‹ፊቷ ተለውጧል፣ አታውቂያትም፣ ቶሎ ነይ› አላት። ያን ሲላት እግሯ ታሰረ። አልቤርጎ ያዘች። ሲነጋ እሄዳለሁ አለች። ሲነጋ ስትደርስ ድንኳን ተተክሏል። ሰዉ ገና ከአዲስ አበባ መግባቷ መስሎት አቅፎ አለቀሰ።» ጅሬኛ ጃንጥላውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ይኸው እንግዲህ፣ እንቅልፍ የላትም። የምትወድሽን ያህል እኔንም አትወደኝም። አንቺ አንድ ነገር ብትያት ይሻላታል ብዬ ነው።»

ሥርጉት ራሷን ነቀነቀች። ማዘን እንደነበረባት ታውቃለች። መጀመሪያ የመጣባት ግን ንዴት ነው። ያን ለቅሶ ቤት አስታወሰች፤ ዓይናቸውን እንዴት እንደከደነች ለእንግዳው ሁሉ ስታወራ፣ ዳርቱ አጠገቧ ተቀምጣ መሬት መሬት ስታይ። ሦስት ዓመት አብሬ ዋሸሁ አለች በልቧ። ከንዴቱ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን ስም ልትሰጠው አልፈለገችም።

ዳርቱ መስኮቱ አጠገብ ጋቢ ደርባ ተቀምጣ ነበር። ብድግ ብላ ልትስማት ቀረበች። ሥርጉት ሳመቻት፤ ግን ዘግይታ ነው፤ ጉንጯን ከመስጠቷ በፊት አንዲት ቅጽበት ቆመች። ዳርቱ እጇን መልሳ ጋቢው ውስጥ ከተተች።

«ነገረሽ አይደል?»

«ማን? ምኑን?»

«ሥርጌ፣ ፊትሽ ውሸት አያውቅም። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ጅሬኛ ውጭ እንጨት መፍለጥ ጀመረ።

«እኔ እኮ ስለ መጽሐፍ ነው የተናገርኩት» አለች ሥርጉት።

«አውቃለሁ። እኔም መጽሐፉን ጨርሼዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ። ያኔ አስተያየቴን ሳልሰጥ ወጣሁ። አሁን ልንገርሽ?»

«ንገሪኝ።»

«ደራሲው ያበላሸው ነጋዴውን ሲያስጠጣው ነው።» ዳርቱ ይህን ስትል ድምፅዋ ክፍል ውስጥ እንዳለች መምህር የረጋ ነበር። «ካሰከረው በኋላ አንባቢው ተገላገለ። ጠጥቶ ነው፣ ራሱን አያውቅም ይላል። እኔ ሻይ ነው የጠጣሁት። ራትም በልቻለሁ። የተማሪዎቼ ፈተና ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ ሳርም አመሸሁ። አንዱም ላይ አልተሳሳትኩም። ያንን ቢጽፍ ኖሮ ጥሩ መጽሐፍ ይወጣው ነበር።»

ሥርጉት አንገቷን ደፋች።

«ሌላው ልክ ነው» አለች ዳርቱ። «አንቺም ያልሽው ልክ ነው። እኔም ሌላ ሰው አድርጎት ብሰማ እንዲሁ ነበር የምለው።»

«እንዲህ አትበይ። እናት እኮ ናቸው፤ ይቅር ብለውሻል።»

«ይሄን ታምኚዋለሽ?»

አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። አንድ ቃል ናት። ሥርጉት አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ግን የታያት በር በሩን የሚያዩት አሮጊት ናቸው፤ በሕይወት ሳሉ ወደ ከተማ ሲመጡ አይብ በጎመን ጠቅልለው ያመጡላት የነበሩት፣ «ልጄ» ይሏት የነበሩት። ውጭ የጅሬኛ መጥረቢያ ወረደ፣ ደግሞም ወረደ።

ዳርቱ የጠበቀችውን ውጤት እንደተቀበለ ተማሪ ራሷን ዝቅ አደረገች።

«እኔ አንቺን የወደድኩሽ ያላመንሽበትን ስለማትናገሪ ነው» አለች። «አሁንም አትናገሪ። ሻይ ላፍላልሽ?»

«አይ፣ መሸብኝ» አለች ሥርጉት፤ አልመሸም ነበር።

ታክሲው ቁልቁል ሲወርድ የሾፌሩ ረዳት ሒሳብ ሁለት ጊዜ ጠየቃት፤ አልሰማችውም። ሽሮ ሜዳ ሲደርሱ ተመልሳ ልትወጣ አሰበች። «አምናለሁ» ልላት ይገባ ነበር አለች፤ ባላምንስ ምን ነበረበት? እያሰበች መገናኛ የሚሄደው ሊሞላ ሆነ፤ ገባችበት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ ሁሴን ስለ ዳርቱ ሲጠይቁ «ሥራ በዝቶባታል» አለቻቸው። አንድ አስቂኝ መጽሐፍ ተነብቦ ነበር። ተራዋ ሲደርስ «ጥሩ ነው» አለች። ቢንያም ቀጥላ የምትናገር መስሎት ጠበቀ፤ አልቀጠለችም። ከዚያም ወዲህ ሲጠይቋት «ጥሩ ነው» ወይም «እኔን ብዙም አልያዘኝም» ትላለች እንጂ በማንም ላይ አትፈርድም። ጋሽ ሁሴን አንድ ቀን ደብተር እየደረደሩ፣ «አንቺ ልጅ፣ ጓዳዬን ቀዝቃዛ አደረግሽብኝ» አሏት። ፈገግ ብላ ደብተሩን ታቀብላቸው ጀመር። መስከረም ሲጠባ ቢንያም ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወረ፤ ሌሎቹም ተራ በተራ ቀሩ።

ለእንቁጣጣሽ ዳርቱ ደወለች። እንኳን አደረሰሽ ተባባሉ። ዳርቱ ወደ ሱሉልታ ለመዛወር አመልክታ እንደተፈቀደላት ነገረቻት፤ ለጅሬኛም ሥራ ተገኝቶለታል። ሥርጉት «ጎሽ፣ አየሩም ይስማማሻል» አለች። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ አዲሱ የትምህርት ካላንደር ተጨዋወቱ። ቀድሞ ቢሆን ስልኩ ጆሮ እስኪያቃጥል «ምን እያነበብሽ ነው?» ይባባሉ ነበር። አሁን ሁለቱም አልጠየቁም።

«በይ እንግዲህ፣ ሰላም ሁኚ» አለች ዳርቱ።

«አንቺም» አለች ሥርጉት፤ ስልኩ ተዘጋ።