የክሊኒኩ አግዳሚ

«ዝናብና ፀሐይ ለሚፈራረቅበት ዕቃ ከቫርኒሽ ወዲያ ላሳር!» አለ የሚጣ አጎት፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ እያስደገፈ።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ቤቱ አልበቃ ብሎ ሰዉ ወደ ሟች የእንጨት ሥራ ቤት ፈስሷል፤ ገና ምንም ቅብ ባልነካቸው የግቢ ወንበሮች ላይ ተደርድሮ፣ ሰጋቱራ እየረገጠ ያንሾካሹካል። ለቅሶ ቤት መቼም ወሬ አይመርጥም። ከሐኪም ተነሥቶ፣ በኑሮ ውድነት አልፎ፣ የተቀመጡባቸው ወንበሮች ምን ቢቀቡ ይበጃቸዋል ከሚለው ላይ ደርሷል።

ሚጣ ጥግ ይዛ ትሰማለች፤ ወይም የምትሰማ ትመስላለች። የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት፣ ያውም የራሷ ደንበኞች ያሏት አናጢ ናት፤ ግን እናቷ ሚጣ ብላ ስለጠራቻት ሰፈሩም ሚጣ እንዳላት ቀረ። የእናቷ ልብ ከመላጊያዋ ፊት ድንገት ቀጥ ካለ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ሰው ሲናገር ድምፁ ከውኃ ሥር የሚመጣ ይመስላታል። ከጣራው ቀዳዳ በሚወርደው ብርሃን ውስጥ የእንጨት ብናኝ ይንሳፈፋል። እናቷ ያስነሣችው፣ መሬት መንካት ያቃተው ብናኝ ይሆን እያለች ዓይኗን ተክላበታለች።

«ሚጣዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ? ሙያው ያንቺ ነው።»

«ቫርኒሽ» አለች። አፏ በራሱ ጊዜ ተናገረ።

ከእናቷ ጋር ዓይንና ናጫ ያደረጋቸው ይኸው ቫርኒሽ ነበር። እናትየው ከተልባ ዘይት ሌላ አታውቅም። ቆርቆሮውን ፀሐይ ላይ ታሞቅና በጨርቅ ታሻለች፤ ትጠብቃለች፤ ደግማ ታሻለች። «እንጨት ይተነፍሳል፤ ፊቱ ላይ ላስቲክ አትሳቢበት» ትላለች። ሚጣ ደግሞ «እማ፣ በየዓመቱ ጨርቅ ይዞ ወንበር ሲያሽ የሚውል ደንበኛ የት አለ? ሰው አንዴ ቀብቶ መርሳት ነው የሚፈልገው» ትላታለች። በአንድ ጣራ ሥር፣ በአንድ ግድግዳ ዘይት፣ በሌላው ቫርኒሽ ተደርድሮ ዓመታት ነጎዱ።

የዛሬ ሰባት ዓመት ክሊኒኩ በሩ አጠገብ ሜዳ ላይ የሚቀመጥ አግዳሚ አዘዘ። ሚጣ ብቻዋን የሠራችው የመጀመሪያ ሥራ ነበር። አራት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባችው፤ እንደ መስታወት ፊት አሳየ። እናቷ አንዴ ዞረችው፣ ጎንበስ ብላ ከሥሩ ዳሰሰችውና፣

«እግሮቹ ጥሩ ናቸው» አለች። አለቀ።

ስለ እግር ማን ጠየቃት! ሚጣ ቂሟን ቋጠረች። ከዚያ ወዲህ ነገር በተነሣ ቁጥር፣ «የክሊኒኩን አግዳሚ ሄደሽ እዪው እስቲ! ይህን ሁሉ ዓመት ንቅንቅ አላለም» ማለት ልማዷ ሆነ። እናቷ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ በራሱ ይቃጠላል እያለች፣ ጨርቋን በጥንቃቄ ዘርግታ ሽቦ ላይ ትሰቅላለች። የከንፈሯ ጫፍ ግን ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ሳቅ ይሁን ንዴት፣ ሚጣ ለይታው አታውቅም። ራሷም አግዳሚውን ሄዳ አላየችው። በታክሲ ስታልፍ ከአጥሩ በላይ የተቀመጡ ሰዎች ራስ ይታያታል፤ ያ በቂዋ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነጭ ጋዋን ላይ ሹራብ የደረበች ሴት ገባች። «ከክሊኒኩ ናት፣ ሲስተር» ብሎ አንድ ሰው አንሾካሾከ። ነርሷ የሚጣን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«እግዜር ያጥናሽ። ዘንድሮ እናትሽ ስትቀርብን ጊዜ፣ አመማት እንዴ ስንል ነበር።»

«የት ስትቀርባችሁ?»

«እኛ ጋ ነዋ! ዝናብ ሊገባ ሲል ዘይቷን ይዛ ትመጣ የለ፣ አግዳሚውን ልታሽ።»

«ሲስተር፣ ተሳስተሻል። እሱ እኮ ቫርኒሽ ነው።»

ነርሷ ዓይኗን ሰበረች። «ቫርኒሹማ ዓመትም አልቆየ። ፀሐዩ ሰነጣጠቀው፣ ውኃ ገባበት፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተላጠ። ልንደውልልሽ ስንል እናትሽ ደረሰች። ‹እንዳትነግሯት› አለችን። ሁለት ቀን ሙሉ ተንበርክካ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀችው። ‹እትዬ፣ ይህን ያህል ከምትደክሚ አዲስ አይሻልም?› ብላት ተቆጣች። ‹እግሮቹን አይተሻል? እንዲህ ያለ ማጋጠሚያ እኔ በሠላሳ ዓመት አልሠራሁም። ቅቡን ቀስ ብላ ትማረዋለች፤ እጅ ግን አይሸመትም› አለችኝ።»

ብርሃኑ፣ ብናኙ፣ የሰዉ ድምፅ፣ ሁሉም ከሚጣ ራቀ።

«እኔ እኮ... ሰባት ዓመት በዚያ አግዳሚ ስኮራባት ነበር» አለች በመጨረሻ።

«ታውቃለች! እየሳቀች ትነግረን ነበር። ‹ዛሬም ሄደሽ እዪው አለችኝ፤ ይኸው መጣሁ› ትለን ነበር።»

ሚጣ ሳቀች። ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ያ አምስት ቀን ሙሉ አልወጣ ያላት ልቅሶ ወጣ። አጎቷ ምን እንደሆነ ሳይገባው ትከሻዋን አቀፈ።

ለቀስተኛው እየሳሳ ሄደ። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ሚጣ የእናቷን ቆርቆሮ አንሥታ ክሊኒኩ በር ላይ ተንበረከከች። አግዳሚው ጠይሟል፤ መቀመጫው በሰው ልብስ ተሞርዶ እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል። ዘንድሮ ግን ደርቋል። ዘይቱ ገና ሲነካው ስምጥ ብሎ ጠፋ፤ ጨመረች፣ ጠጣው፤ ደግማ ጨመረች። እንጨቱ እየቀላ፣ መስመሮቹ አንድ በአንድ እየነቁ ሲመጡ እጇ የራሷ መሆኑን ረሳች። የተረፈውን ዘይት እንዳይጣበቅ አብሳ ስትጨርስ፣ አንዲት አሮጊት ካርዳቸውን ይዘው ከበላይዋ ቆመው ነበር።

«ልጄ፣ ቁጭ ማለት ይቻላል?»

«አልደረቀም እማማ። እስከ ነገ ወዲያ መቆየት አለበት።»

«እኔንስ እስከ ነገ ወዲያ ማን ያቆመኛል?» አሉ ፈገግ ብለው።

ሚጣ እጇን በጥቁር ቀሚሷ ጠረገችና ክንዷን ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ያዙት፤ መጀመሪያ በጣታቸው፣ ቀጥሎ በሙሉ ክብደታቸው ተደገፉት። ሁለቱም የአሮጊቷን ተራ ጠበቁ። ፀሐዩ ወጣ፤ ተራ ጠሪዋ ጠራች፤ አሮጊቷ መርቀዋት ቀስ እያሉ ገቡ።

ሚጣ እዚያው ቆማ ቀረች፤ ክንዷንም ለሚቀጥለው ሰው እንደታጠፈ ተወችው።