የጠራ ሰማይ ካፊያ

«ካፊያ ጀመረ መሰለኝ፤ ልብሱን አስገቢው» አሉ አባቷ ከዛፉ ሥር።

ልጅቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ በመስኮት አየች። ሰማዩ ጥርት ብሏል። የበረንዳው ቆርቆሮ ላይ ጠብ ጠብ የሚለው የአባጨጓሬ ኩስ ነው። አቮካዶውን ከወረሩት ወዲህ ቅጠሉን ከዳር ከዳር እየከረከሙ፣ ጥቁር እንክብል ኩሳቸውን ያዘንቡታል።

«እሺ አባዬ፤ መጣሁ» አለች። ወጥታ የደረቀውን ልብስ ከገመዱ ላይ ሰበሰበች፤ አባቷንም ክንዳቸውን ይዛ በረንዳው ላይ አስቀመጠቻቸው። ውሸት አንዴ ከተጀመረ እንዲህ ያሯሩጣል።

ዛፉን የተከለችው እናቷ ናት። የበላችውን አቮካዶ ፍሬ በወተት ጣሳ ስትቀብር፣ ባሏ «ይሄ እስኪያፈራ እኛ አፈር እንሆናለን» ብለው ስቀውባት ነበር። ዛፉ አፈራ፤ እሷ አፈር ሆነች። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ከጥላው ሥር አይነሱም፤ «እናትሽ ዛሬም ጋርዳኛለች» ይላሉ። ይህን እየሰማች ልጅቱ ዛፉ እየተበላ ነው የምትልበት አንደበት አጣች።

ቀለም ቀቢው ጎረቤታቸው፣ ልብሱ ላይ የሌለ ቀለም ስለሌለ ሰፈሩ ቡራቡሬ የሚለው፣ ትሎቹ ብቅ ያሉ ሰሞን የመድኃኒት መርጫ ተሸክሞ መጥቶ ነበር።

«ዛሬ ካልረጨሁት ነገ የምረጨው ግንዱን ነው» አላት።

«ይሸታል። አባዬ ምንድን ነው ሲለኝ ምን እላለሁ?»

«እውነቱን ነዋ!»

«ተወው በቃ። በራሳቸው ይሄዳሉ» ብላ መለሰችው።

ልብሱ በገባበት ቀን ከሰዓት በኋላ አባቷ ከበረንዳው ወደ ዛፉ ሥር ተመለሱ። ልጅቱ ልብሱን መልሳ ልታሰጣ ወጥታ ቀና ስትል ቅርንጫፉ ሁሉ ራቁቱን ነው። አባጨጓሬዎቹ የሚበሉት አጥተው በግንዱ ቁልቁል ይወርዳሉ። ፀሐይ የአባቷን ግንባር እየጠበሰችው ነው፤ እሳቸው ግን አልተነቃነቁም።

«ካፊያው ቆመ» አሉ ኮቴዋን ሲሰሙ።

«አዎ፣ አባራ።»

«ጨረሱት ማለት ነዋ።»

ልብሱ ከእጇ ወደቀ።

«ዝናብ ያርሳል ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄ እጄ ላይ ሲያርፍ ይንከባለላል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? አስረጨው ነበር እኮ!»

«አንቺ እስክትነግሪኝ ጠበቅሁ። ደረቅ ልብስ ስታስገቢ እሰማለሁ። ለእኔ ብለሽ እንዲያ ስትደክሚ እንዴት አድርጌ ላሳፍርሽ?»

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በዚህ ቤት ግን ዛፍ በላ። አንዳቸው አንድ ቀን አፍ አውጥተው ቢሆን ኖሮ ጥላው ዛሬም እዚያው ነበር። ከአባቷ እግር ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከሸሚዛቸው እጅጌ ላይ አንድ ትል አንስታ ጣለች።

«እስቲ አሁን ንገሪኝ» አሉ አባቷ። «ከጫፉ ጀምሪ።»

ቀና አለች። «ጫፉ ላይ አንዲት ቅጠል…» ብላ ጀመረች፤ እንደገና ልትዋሽ መሆኑ ገብቷት አቋረጠች።

«ጫፉ ላይ ምንም የለም አባዬ።»

እጃቸውን ዘርግተው ራሷን አገኙት።

«ቀጥዪ» አሏት።