በጀርባዋ ላይ የነበረው

“በዚች ጀርባ ላይ ነው የመጣሁት” አለ አያና፣ የእህቱን ትከሻ በሰፊ መዳፉ ቸብ ቸብ እያደረገ። “እኔ ሦስት ዓመቴ፣ እሷ አሥራ አንድ። ከወገራ እስከ ሱዳን እግሬን መሬት አላስነካችውም።”

ኦራል የአጎቷን ንግግር ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። መትናስ በሚሉት የሰፈሩ ማእከል አዳራሽ ውስጥ ክብ ሠርተው የተቀመጡት አሥራ አራት ተማሪዎች ዓይናቸውን በአንድ ጊዜ ወደ የሻሽወርቅ ጀርባ ላኩ፤ እዚያ የሚታይ ነገር ያለ ይመስል። የሻሽወርቅ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ተሸፋፈነች።

ተማሪዎቹ ለበጋ ትምህርት ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው። የሚያጠኑት የተሳላሚዎችን ጉዞ ነው፤ ሰው ቤቱን ትቶ ወደ ተቀደሰ ቦታ በእግሩ የሚሄደው ለምንድን ነው የሚለውን። ሦስት ቀን ሙሉ ወደ ኢየሩሳሌም በሚያወጣው የጥንት ተሳላሚዎች መንገድ ሲጓዙ ሰንብተው፣ ግማሾቹ እግራቸው ውሃ ቋጥሮ በነጠላ ጫማ እያነከሱ ነበር አዳራሹ የገቡት። የሻሽወርቅ ይህን ለፋብሪካ ጓደኞቿ ስትነግራቸው ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በእግር መሄድ ትምህርት ሆኖ ውጤት ይሰጥበታል ማለት ከቶ አልዋጥላቸው አለ። ያኔ እሷም አብራ ስቃለች። ዛሬ ግን ጠዋት ከአልጋዋ ስትነሳ ‘ይቅርብኝ’ ልትል ቃጥቷት ነበር።

እሺ ያለችው ለልጇ ብላ ነው። ኦራል በተማሪዎቹ መምህር በኤቭያታር ዘንድ ለበጋው ወር አስተርጓሚ ሆና ተቀጥራ፣ “እማ፣ አንድ ቀን ብቻ። ከአንቺ የተሻለ ማን ያስታውሳል?” ብላ ለመነቻት። ችግሩም እሱ ነበር፤ ከእሷ የተሻለ የሚያስታውስ አልቀረም። እናቷ ካረፉ ገና ዓመት አልሞላቸውም።

ሃዳሳ የምትባል ፀጉረ ቀይ ተማሪ እጇን አወጣች። ኦራል ጥያቄዋን ሰምታ ወደ እናቷ ዞረች።

“እማ፣ ስትጓዙ ‘ይህ መንገድ የተቀደሰ ነው’ ብለሽ ታስቢ ነበር ወይ ትልሻለች።”

“ውሃ ነበር የማስበው።”

“ሌላስ?”

“አንዳንዴ ደግሞ ጫማ።”

ተማሪዎቹ ሳቁ፣ መልሰው ደግሞ መሳቃቸው አሳፈራቸው። አያና ግን ከሁሉም በላይ ከልቡ ሳቀ። በኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ማልጌዛ የሚሉትን ዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል፤ ለዚህች ቀን ሲል ከሥራው ፈቃድ ወስዶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ነው የመጣው። የመንገዱን ታሪክ ማውራት ይወዳል። ለልጆቹ፣ ለጎረቤቶቹ፣ በወታደርነቱ ዘመን ለአዛዦቹ ሳይቀር አውርቷል። ከታሪኩ ውስጥ ደግሞ አጥብቆ የሚወደው ያንን የእህቱን ጀርባ ነው።

ኤቭያታር ተነስቶ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ካርታ ዘረጋ። ከጎንደር እስከ ሱዳን ያለው መንገድ በቀይ ቀለም ተሠምሮበታል። ከጎኑ ባዶ ካርዶች ተደርድረዋል።

“በመንገድ የቀሩትን ሰዎች ስም እዚህ ላይ እንጽፋለን” አለ በዕብራይስጥ፣ ቀስ እያለ። “ሐሙስ ዕለት ተማሪዎቹ ወደ ኢየሩሳሌም ይዘውት ይወጣሉ። የእናንተ ቄስም አብረውን ናቸው፤ እያንዳንዱን ስም ጠርተው ይጸልዩለታል።”

የሻሽወርቅ ካርታውን ላለማየት ወደ መስኮቱ ዞረች። ጀርባዋ ከብዷት ነበር። ይህ ለእሷ አዲስ ነገር አይደለም፤ በትከሻዎቿ መካከል መጀመሪያ ሙቀት ይመጣል፣ ቀጥሎ ቅዝቃዜ። ሐኪሙ የአከርካሪ ነገር ነው ብሎ ቅባት አዝዞላታል። እሷ ግን ማን እንደሆነ ታውቃለች።

ወንድሟ አያና፣ የእናቷ ልጅ አያና፣ የሞተው በጀርባዋ ላይ ነው። መጠለያው ሊደርሱ ግማሽ ቀን ሲቀራቸው ማልቀሱን ተወ። ተኝቷል ብላ፣ እንዳይነቃባት እየተጠነቀቀች ነበር የምትረግጠው። መጠለያው ሲደርሱ እናቷ ከጀርባዋ አውርደው በነጠላቸው ጠቀለሉት። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ በገዛ እጃቸው አሸዋውን ጭረው ቀበሩት።

ሬሳ የነካ ሰው በአገራቸው ሥርዓት ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ ይቀመጣል፤ ሰባቱ ሲሞላ ታጥቦ ወደ ቤቱ ይገባል። እናቷ ተለይተው ቢቀመጡ መጠለያው ሁሉ ልጅ መሞቱን ያውቅ ነበር። ከእህል ካርዱ ላይ አንድ ነፍስ ይጎድላል፣ ለጉዞ ከሚመዘገቡትም አንድ ስም ይቀራል። በዚያው ዕለት በአጠገባቸው ያለች አንዲት የአርማጭሆ ሴት በንዳድ ሞተች። ዘመድ አልነበራትም፤ የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ ነበራት። እናቷ ልጁን አቅፈው አመጡትና፣ “ከዛሬ ጀምሮ አያና ይህ ነው። ጀርባሽን ስጪው” አሏት። ልጁ ስሙን በአራት ቀን ለመደ። የሻሽወርቅ እሱን የተሸከመችው ከመጠለያው ወደ አውሮፕላኑ እስከሚወስዷቸው መኪኖች፣ ሁለት ሰዓት ለማይሞላ መንገድ ነው።

ያ ልጅ አድጎ እነሆ ከተማሪዎቹ ጋር ያወራል። መታወቂያው፣ ወታደርነቱ፣ የልጆቹ የአባት ስም፣ ሁሉም በዚያ ዕለት ላይ የቆመ ነው። እሷም እንደ ዓይኗ ብሌን ትወደዋለች። ግን ሰው “አያና” ብሎ ሲጠራው ሁለት ሰው ሲመጣ ይሰማታል፤ አንዱ ከፊቷ ይመጣል፣ ሌላው ከኋላዋ። ስለዚህ እሷ በስሙ ጠርታው አታውቅም። ወንድምዓለም ትለዋለች፣ እሱም ከፍቅር ብዛት ይመስለዋል።

እናቷ ሆስፒታል ውስጥ፣ ከማረፋቸው ሁለት ቀን በፊት እጇን ይዘው፣ “ሰባቱን ቀን አልተቀመጥሁለትም” አሏት። “በዚያ እጄ እንጀራ አበላኋችሁ፣ በዚያ እጄ ኢየሩሳሌም ገባሁ። ተዝካሩም አልወጣ። የሻሽዬ፣ አደራ፣ ለልጁ አትንገሪው።” በአንድ ትንፋሽ ሁለት ሸክም ጥለውባት ሄዱ። ስሙን ካልጠራች ተዝካር የለም፤ ከጠራች ደግሞ ያለውን ወንድሟን ታጣለች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ስታገላብጥ ከረመች፤ የፈራችውም ሙቱን ሳይሆን ያለውን ነበር። “እህቴ አይደለሽም ማለት ነው?” ብሎ የሚያያትን ዓይን ነበር የፈራችው።

ካርዶቹ መሞላት ጀመሩ። እንደ እነሱ ከተጋበዙት የሰፈሩ ሰዎች አንድ ሽማግሌ የእናታቸውን ስም፣ አንዲት ሴት የሦስት እህቶቿን አስጻፉ። ሃዳሳ ካርድና ብዕር ይዛ ወደ እነሱ መጣች። አያና ፈገግ ብሎ እጁን አወዛወዘ።

“ከእኛ ቤት የቀረ የለም በያት፣ ኦራል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደርሰናል።” ከዚያ ወደ እህቱ ጎንበስ አለ። “እታለም፣ ደከመሽ መሰለኝ። መኪናውን ጥላ ሥር አምጥቼ ማዝጋኑን ከፍቼ ላቀዝቅዝልሽ። በዚህ ሐሩር አትገቢበትም።”

ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ወጣ። ሃዳሳ ካርዱን ወደ ቦታው ልትመልስ ስትል የሻሽወርቅ ጫፉን ያዘችው።

“አንድ አለ” አለች።

ኦራል አፏን ከፍታ አየቻት። “ማን? እማ፣ ማን አለ?”

“ዝም ብለሽ አስጽፊልኝ። ወንድ ልጅ። ሦስት ዓመቱ። የሻሽወርቅ ወንድም።”

ሃዳሳ ጻፈች። ጎንበስ ብላ፣ በማነከሷ ምክንያት አንድ እግሯን አንስታ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ሕፃን እየለቀመች ነበር የምትጽፈው። ከዚያ ቀና ብላ ጠየቀች፤ ለዚህኛው ማስተርጎም አላስፈለገም።

“ስሙ ማነው?” አለች ኦራልም፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። “አንቺ ያለሽ ወንድም አንድ ነው።”

ሌላ ስም ልትሰጠው አሰበች። ማን ያውቃል? በቀለ፣ አለነ፣ አንዱን ብትላት ትጽፈዋለች፣ ቄሱም ይጸልዩበታል፣ ነገሩም በዚሁ ያበቃል። ነገር ግን ልጁ ያለው ያ ስም ብቻ ነው። እሱንም በሞተ ማግስት ወሰዱበት። አሁን ደግሞ በሐሰት ስም ተጠርቶ፣ በቄሱ ፊት እንኳ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሊቀር ነው። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ በሰው ፊት ማልቀስ የምትጠላ ሴት ናት፣ ግን አልጠረገችውም።

“ስሙ ሰው ላይ ነው ያለው” አለች። “አስፈቅጄ ልምጣ።”

“ምን ልበላት?”

“እንዳልሁሽ በያት።”

ካርዱን ከሃዳሳ እጅ ወስዳ ወጣች። የቀትሩ ፀሐይ አስፋልቱን እያቀለጠው ነበር። አያና መኪናውን ከዛፉ ሥር አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ የእሷን በር ከውስጥ ከፈተላት።

“ግቢ፣ ግቢ፣ ቀዝቅዟል” አላት። ቀጥሎ እጇ ላይ ያለውን አየ። “የማን ካርድ ነው የያዝሽው?”

የሻሽወርቅ በሩን ይዛ ቆመች። ወንበሩ ላይ ውሃ በጠርሙስ አስቀምጦላታል።

“ሞተሩን አጥፋው” አለችው። “ውጣና እዚህ ከእኔ ጋር ተቀመጥ፣ ወንድምዓለም። የምነግርህ አለ።”