በጄሬ ደብተር ያልነበረው ዘፈን

ንካንዱ ያንን ዘፈን የሰማችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በዐሥራ ስድስት ዓመቷ፣ በመዳብ ማዕድን ከተማዋ ኪትዌ ውስጥ፣ በዉሳኪሌ የማዕድን ሠራተኞች አዳራሽ። ያኔ ድንበር ማዶ ጦርነት ስለነበር ከመሸ መንቀሳቀስ ክልክል ነው፤ ባንዶቹም የሚጫወቱት ከምሳ በኋላ ነበር። ልጃገረዶቹ ለወላጆቻቸው «የመዘምራን ልምምድ አለን» ብለው ይወጡና፣ ሱሪያቸውን በቦርሳ ደብቀው፣ አዳራሹ ጓሮ ሄደው ቀሚሳቸውን ይቀይራሉ። ከሁሉም ሰፊው የንካንዱ ቤልቦተም ሱሪ ነበር። አባቷ ልብስ ሰፊ ስለነበሩ ከወዳደቀ ጨርቅ ራሷ ሰፍታው አንዱ እግሩ ቡናማ፣ አንዱ አረንጓዴ ነው።

ባንዱ «ሰባተኛው ጉድጓድ» ይባል ነበር። አራቱም የመዳብ ቆፋሪ ልጆች ናቸው፤ ስሙንም የወሰዱት አባቶቻቸው ጠዋት ጠዋት ከሚወርዱበት ጉድጓድ ነው። ሁለት ሸክላ አሳተሙ። ከዚያ የመዳብ ዋጋ ወደቀ፣ ሸክላ የሚታተምበት ዕቃ ከአገር ጠፋ፣ ልጆቹም ወደየሥራቸው ተበተኑ። ያን ቀን የተጫወቱት ለመጨረሻ ጊዜ መሆኑን ያወቀ አልነበረም።

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ንካንዱ ግን አሁንም ቺሶኮኔ ገበያ ውስጥ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ ምሳ ሰዓት ላይም የበቆሎ ገንፎዋን፣ ንሺማዋን፣ በጣቶቿ እያድቦለቦለች ያንኑ ዘፈን ታንጎራጉራለች፦ ዱም፣ ዱ-ዱም፣ ዱም-ዱም-ዳ።

ችግሩ ሌላ የሚያስታውሰው ሰው አለመኖሩ ነው። የሰባተኛው ጉድጓድ አድናቂዎች ዐሥራ አራት ናቸው፤ ትንሿ አምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቦኒፌስ ጄሬ ቤት በረንዳ ላይ ተሰብስበው ሁለቱን ሸክላዎች ያዳምጣሉ። ጄሬ የማዕድን ባቡር ነጂ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ሸክላዎቹን ከሱ በቀር የሚነካቸው የለም። አንድ ወፍራም ደብተርም አለው፤ ዘፈኖቹ በተራ፣ ማን ምን እንደተጫወተ፣ ስንት ደቂቃ ከስንት ሴኮንድ እንደሚፈጁ ሁሉ ተጽፎበታል። ዘፈኖቹ ዐሥራ ሰባት ናቸው።

«አንቺ ዝንጀሮ በሊታ» ይላታል ንካንዱ ማንጎራጎር ስትጀምር፣ «ዛሬም ያንን ያልተወለደ ዘፈንሽን ይዘሽ መጣሽ? ዐሥራ ስምንተኛ የለም አልኩሽ!»

«የአይጥ በሊታ ጆሮ ምን ይሰማል» ትመልስለታለች። «ያንተ ጆሮ የተሠራው አይጥ ሣር ውስጥ ስትንኮሻኮሽ ለማዳመጥ ነው።»

እሱ ንጎኒ ነው፣ እሷ ቤምባ፤ ሁለቱ ጎሳዎች ከጥንት ጀምሮ በስድብ የሚቀላለዱ ስለሆኑ እንዲህ ሲሰዳደቡ ቅር የሚለው የለም። የጄሬ ሚስት የሞተች ጊዜ እንኳ ንካንዱ ለቅሶው መሀል ገብታ «ይቺን የመሰለች ሴት በአይጥ ወጥ ገደልካት» ብላው፣ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀው ያኔ ነበር።

ይበልጥ ያሳፈራት ግን ሌላ ነገር ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ዘፋኙን ቺሴንጋን፣ በአክብሮት አጠራር ባ ቺሴንጋን፣ ለክብር እንግድነት ጋብዘዋቸው ነበር። ባ ቺሴንጋ ዛሬ ጸጉራቸው ነጥቶ፣ ክራቫት አስረው፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ይመራሉ። ንካንዱ ልቧ እየደለቀ ዘፈኑን አንጎራጎረችላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡና «የኔ እናት፣ ደስ ይላል፤ ግን የኛ አይደለም» አሏት። ከዚያ ወዲህ አድናቂዎቹ «የንካንዱ ሕልም» ይሉታል። እሷ ግን ያን ቀን በታክሲ ስትመለስ፣ እልህ ይዟት፣ ሰው ሁሉ እየሰማት እስከ ቤቷ አንጎራጎረችው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከንዶላ የመጡ አንዲት ሴትዮ ለእኅታቸው ልጅ የሙሽራ ድግስ የሚለብሱትን ቀሚስ ሊያሰፉ ሱቋ ገቡ። ስማቸው ባ ቾላ ነው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ። ንካንዱ ቢጫውን የቺቴንጌ ጨርቅ ትከሻቸው ላይ አድርጋ ወገባቸውን በመርፌ መያዝ ጀመረች። አፏ ውስጥ ስድስት መርፌ ስለነበር በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች።

ሴትዮዋ ድንገት ዞር አሉ።

«አይንቀሳቀሱ፣ ይወጋዎታል» አለች ንካንዱ በጥርሶቿ መሀል።

«ከየት አመጣሽው?»

«ጨርቁን? እርስዎ ነዎት'ኮ ይዘውት የመጡት።»

«ጨርቁን አይደለም። የምታዜሚውን።»

ንካንዱ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች። «የድሮ ዘፈን ነው። ከኔ ሌላ የሚያውቀው የለም።»

«እኔ አውቀዋለሁ» አሉ ባ ቾላ። «ባሌ ስድስት ወር ሙሉ ሳሎኔ ውስጥ ሲመታው ነበር። የመጀመሪያ ልጄ ያለሱ አትተኛም ነበር። ጎረቤታችን ደግሞ በሱ የተነሣ ሊከሰን ደርሶ ነበር።»

«ባለቤትዎ ማን ናቸው?»

«ካቶንጎ። ከሞተ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው።»

ንካንዱ የጨርቅ ክምሩ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ካቶንጎ! በሁለተኛው ሸክላ ሽፋን ላይ ባርኔጣውን አጋድሎ ግድግዳ ተደግፎ የቆመው፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ!

«ግን» አሉ ባ ቾላ፣ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ሳቅ እየመጣ፣ «ይሄ ዘፈኑ አይደለም'ኮ። ይሄ የካቶንጎ ድርሻ ነው። አንቺ ቤዙን ነው የምታዜሚው።»

 ያቺ የአዳራሹ ከሰዓት በኋላ በንካንዱ ፊት ድቅን አለች። ሰዉ ገፍቶ ገፍቶ ከትልቁ ጥቁር ስፒከር ጋር አጣብቋት ነበር፤ ደረቷ ከውስጥ ሲንቀጠቀጥ፣ የግራ ጆሮዋም ሁለት ቀን ሙሉ ሲጮህባት ትዝ አላት። አጭር ስለነበረች መድረኩ አይታያትም ነበር። ያን ቀን የሰማችው ስፒከሩን ብቻ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው አላወቀልኝም ብላ የተከራከረችው ዘፈን ዜማው ሌላ ኖሯል!

«ዜማውንስ ያውቁታል?» አለች።

«እኔ እንጃ፣ ረስቼዋለሁ። ክሩ ላይ ግን ይኖራል።»

«የምን ክር?»

«ዘፈኑን የቀዱበት የቴፕ ክር ነዋ፤ አልጋዬ ሥር ሳጥን ውስጥ ያለው። ሦስተኛውን ሸክላ ሊያሳትም ሲወስደው ‹ዕቃ የለም፣ ጠብቅ› አሉት። ጠበቀ። እየጠበቀ ሞተ።»

«እንዴት ለሰው ሳይናገሩ!»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ ባ ቾላ፤ እውነታቸውን ነበር።

ንካንዱ በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ሱቋን ስትዘጋ ገበያው ያየው ያን ቀን ብቻ ነው። በተጣደፈችበት ቀሚሱን ከደንበኛዋ ላይ ማውለቅ ረስታ፣ ባ ቾላ በመርፌ እንደተያዙ ንዶላ ድረስ በሚኒባስ ተጓዙ። መንገዱ በተንገጫገጨ ቁጥር «ውይ!» ይላሉ፤ ንካንዱ «ይቅርታ የኔ እመቤት!» ትላለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

ሳጥኑ የቆርቆሮ ነው። የልጆች የትምህርት ቤት ወረቀት ተነሣ፣ ብርድ ልብስ ተነሣ፣ ከታች በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት ክብ የካርቶን ማኅደሮች ተገኙ። በአንዱ ላይ ባጋደለ የእጅ ጽሑፍ «ሦስተኛው። ዘጠኝ ዘፈን» ይላል፤ ከሥሩም የደበዘዘ የዘፈኖች ዝርዝር አለ። ንካንዱ ከመንካቷ በፊት ሄዳ እጇን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበች። ከዚያ ጄሬ ዘንድ ደወለች።

«ደብተርህን አውጣ» አለችው።

«ምነው፣ ዝንጀሮው አልበስል አለሽ?»

«ከዐሥራ ስምንት እስከ ሃያ ስድስት ቁጥር ጻፍና ፊት ለፊቱን ባዶ ተወው።»

 «እኅቴ» አለ ጄሬ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ያለ ስድብ ሲጠራት የመጀመሪያው ነው። «እኅቴ፣ በዚህስ አትቀልጂ።»

እንዲህ ያለውን ክር የሚያጫውት መሣሪያ በኪትዌ የነበረው በአንዲት ትንሽ የገዳም ሬዲዮ ጣቢያ ብቻ ነው። መሣሪያውን የምታንቀሳቅሰው ሲስተር በርናዴታ የምትባል መነጽራም መነኩሲት ነበረች። ክሩን አስገብታ ስታስነሣው እንደ ጅብ ጮኸና ቆመ። ጄሬ ክሩን ሊያወጣ እጁን ሰደደ።

«እርጥበት ገብቶት ተጣብቋል» አለች ሲስተሯ በእርጋታ። «መጋገር አለበት።»

«መ... ምን?» አለ ጄሬ።

«በዳቦ ምድጃችን። ለዘብ ባለ ሙቀት፣ ቀኑን ሙሉ። የስብከት ክሮቻችንንም እንዲሁ ነው ያዳንናቸው።»

ዐሥራ አራቱ አድናቂዎች ገዳሙ ግቢ ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር ተደርድረው፣ ምጥ እንደያዛት ሴት ዘመዶች ከጠዋት እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ጠበቁ። ጄሬ በየግማሽ ሰዓቱ ወደ ማድ ቤቱ መስኮት ይሄዳል።

«ሲስተር፣ እንዳያርር!»

«ባ ጄሬ፣ ይቀመጡ።»

«ግልብጥ ማድረግስ አያስፈልግም?»

«ባ ጄሬ!»

ክሩ ዳነ። ሲስተሯ በሚቀጥለው ሳምንት ዘጠኙንም ዘፈኖች ቀድታ፣ መሣሪያዋን ራሷ ተሸክማ ወደ ዉሳኪሌው አዳራሽ እንደምትመጣ ቃል ገባች። ለምን እንደምትመጣ ሲጠይቋት «ክሩን ስሞክረው እግሬ አላርፍ ብሎኝ ነበር» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ለመምጣት እሺ ያላሉት ባ ቺሴንጋ ብቻ ነበሩ። «ይቅር» አሉ በስልክ፣ «የልጅነት ነገር ነው።» ንካንዱ መዘምራኑ ልምምድ ሲጨርሱ ጠብቃ በር ላይ ያዘቻቸው።

«እውነቱን ልንገርሽ» አሏት መዝሙር ደብተራቸውን እያገላበጡ። «ፈርቼ ነው። ያ የጠፋው ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል እያልኩ፣ ለማንም ሳልናገር ነው የኖርኩት። መጥፎ ሆኖ ቢገኝስ?»

«መጥፎ መሆኑን እኛ እንነግርዎታለን፤ እርስዎ ዝም ብለው ይቀመጡ» አለች። «ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖረን አንድ መጥፎ ዘፈን አያጣላንም።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ያው የዉሳኪሌ አዳራሽ። ወሬው ተነዝቶ ዐሥራ አራት ሰው ሳይሆን መቶ ሃምሳ ሰው መጣ። ጡረተኛ ቆፋሪዎች፣ የገበያ ሴቶች፣ ሆዳቸው አልገባ ያለ ቤልቦተም የታጠቁ ሽማግሌዎች፤ ሙንኮዮ የሚሉት መጠጥ በባልዲ፣ ቪቱምቡዋ የሚሉት የተጠበሰ ሊጥ በሣህን። ባ ቾላ ቢጫ ቀሚሳቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። ባ ቺሴንጋ ክራቫታቸውን አስረው ከበሩ አጠገብ፣ ለመውጣት በሚመች ወንበር።

መጀመሪያ «ሽሽሽ» የሚል የክሩ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ የአንድ ወጣት ሰው ሳቅ የሞላበት ድምፅ፦ «ቺሴንጋ፣ ጉሮሮህን ጥረግ፤ እንደ ፍየል ነው የምትጮኸው።» ባ ቾላ አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሃያ አምስት ዓመት ያልሰሙት ድምፅ ነው።

ሁለት ዘፈን አለፈ። ሦስተኛው ሲጀምር ድራሙ አራት ጊዜ መታ፣ ቤዙ ገባ፦ ዱም፣ ዱ-ዱም፣ ዱም-ዱም-ዳ።

ጄሬ ከወንበሩ ተነሣ። ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ንካንዱ ጎንበስ አለ። አዳራሹ በሙሉ በሳቅና በጭብጨባ ፈነዳ። ንካንዱ ግን ለጄሬ መልስ ለመስጠት ጊዜ አላገኘችም፤ ጊታሩ እያጉረመረመ መጣ፤ በላዩ ላይ የሃያ አራት ዓመቱ ቺሴንጋ ድምፅ ወጣ፤ ዜማው እሱ ነው። ለዓመታት የእግሩን ኮቴ ብቻ ስታውቀው የኖረችው ሰው በሩን ከፍቶ የገባ መሰላት። ያምራል። ከጠበቀችው በላይ ያምራል። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ እሷ ታጨበጭባለች።

ባ ቺሴንጋ ከበሩ አጠገብ ተነሥተው ወደ ፊት መጡ። «ይሄንን'ኮ የጻፍኩት እኔ ነኝ!» እያሉ ነው።

«‹የኛ አይደለም› ብለውኝ አልነበር!» ጮኸች ንካንዱ በሙዚቃው ላይ።

«የኔ እናት፣ እኔ ሁልጊዜ ከፊት ነበርኩ! ካቶንጎ ከኋላዬ ምን እንደሚመታ መች አዳምጬው አውቃለሁ!» ወደ ባ ቾላ ዞሩ፤ ፊታቸው ተለወጠ። «ይቅር በይኝ።»

«እሱም ያንተን ግጥም አዳምጦ አያውቅም» አሉ ባ ቾላ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «‹አፉን ይከፍታል፣ እኔ እመታለሁ› ይል ነበር።»

ከዚያ በኋላ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ ተገፉ። ባ ቺሴንጋ ክራቫታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱና ባ ቾላን ይዘው መሀል ገቡ። የሲስተር በርናዴታ ጫማ ከልብሷ ሥር መሬቱን ይመታል። ጄሬ ደብተሩን በአንድ እጁ ይዞ እየጨፈረ ሴኮንድ ሊቆጥር ሞከረ፤ አልሆነለትም፤ ተወው።

ስድስተኛው ሲያበቃ ግን ሁሉንም አስቆመ። «አንድ ጊዜ! አንድ ጊዜ! ይሄ ስም የለውም። ማኅደሩ ላይ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ባ ቺሴንጋ፣ ምን ይባላል?»

ባ ቺሴንጋ ላባቸውን ጠርገው አሰቡ፣ አሰቡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እናንተ አውጡለት» አሉ። «ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።»

ጩኸት ሆነ። አንዱ «የቆፋሪ ሚስት» አለ፤ ሌላዋ «እሑድ» ይባል አለች፤ አንድ ሽማግሌ የራሱን ስም አቀረበ፣ ተጯጯሁበት። ጄሬ ብዕሩን እንዳነሣ ቀረ። በመጨረሻ ሁሉም ወደ ንካንዱ ዞሩ።

«አንቺ ዝንጀሮ በሊታ፣ ፍረጂን» አለ ጄሬ።

ንካንዱ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች፤ ትንፋሿ አልተመለሰም።

«አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቼ አልፈርድም» አለች። «ያ ነገር ምን እንዳመጣብኝ አይታችኋል። ሲስተር፣ ከመጀመሪያው ድገሚው!»