የአራተኛው መስመር ምልክት

አንድ ተማሪ ሁለት ገጽ ሙሉ የሒሳብ ማረጋገጫ፣ ነጠላ ሰረዝ ሳያጓድል፣ ከነስህተቱ እንዴት አድርጎ ይጽፋል? መምህሩ ምሕረትአብ የተማሪውን የደሞዜን የፈተና ወረቀት ደጋግሞ ቢያገላብጠውም ከኩረጃ በቀር ሌላ መልስ አልመጣለትም።

ስህተቱ የራሱ የመምህሩ ነበር። ለተማሪዎቹ አባዝቶ በሰጠው ማስታወሻ፣ አራተኛው መስመር ላይ «ያንሳል» ማለት የነበረበት ምልክት ተገልብጦ «ይበልጣል» ሆኖ ወጥቷል። እሱም ያየው ገና አሁን፣ በደሞዜ ወረቀት ላይ ነው። ማረጋገጫው፣ እያደገ የሚሄድ፣ ግን ጣሪያ ያለው የቁጥር ድርድር ወደ አንድ ቁጥር መጠጋቱ አይቀርም ይላል። ምልክቱ ሲገለበጥ ሁሉም ይፈርሳል። የሚያስብ ሰው እዚያ ላይ ይቆማል፤ ማስታወሻውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ የሚገለብጥ ግን አይቆምም።

ምሕረትአብ ኖርዌይ ለዓመታት ተምሮ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የተመለሰ ሰው ነው። እዚያ መምህር ሲሳሳት ተማሪ እጁን ያወጣል። እዚህ «አልገባኝም ያለ?» ሲል ክፍሉ ጭጭ ይላል። ሽምደዳን እንደ ተስቦ ይፈራዋል። አንዳንድ ቀን ግን የተበላሸው ክፍሉ ይሁን እሱ ራሱ መለየት ያቅተዋል።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አስማማው ክሱን ሲቀበል «ውጭ የተማረ ሰው ሌባ ሳይይዝ አያድርም» ብሎ ተረበው። ሆኖም ወረቀቱንና ማስታወሻውን ሲያስተያይ ክርክር አላበዛም፤ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ መራው። ኮሚቴው ደሞዜን ጠርቶ ጠየቀው። አልኮረጅኩም አለ። ታዲያ እንዴት ቃል በቃል ገጠመ ቢሉት፣ የመምህር ቃል ነው አለ። ድፍረት አድርገው ቆጠሩበት፤ አባረሩት።

ውሳኔው በተለጠፈ ማግሥት ደሞዜ ኮፍያውን በእጁ ይዞ የምሕረትአብ ቢሮ በር ላይ ቆመ። አልለመነም።

«መምህር፣ ማረጋገጫውን በቃሌ ልበለውና ይስሙኝ» አለ።

ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ ጀመረ። ከላይ እስከ ታች፣ የተገለበጠችዋን ምልክት ሳይዘል፣ እንደ ውኃ አወረደው።

«የት ነው እንዲህ የለመድከው?»

«ጋይንት፣ ድጓ ቤት ነበርኩ። እዚያ ቀለም ሲቀጸል፣ የመምህሩ ቃል በቃል ሲያዝ፣ አንዲት ምልክት አትነካም።»

«አራተኛው መስመር ስህተት ነው።»

«አውቃለሁ መምህር። ያንሳል ነበር መሆን ያለበት። አለዚያ ጣሪያው ጣሪያ አይሆንም።»

«ታዲያ ለምን አላረምከውም?»

ደሞዜ ግራ ገብቶት ቀና አለ። «የመምህርን ቃል? መጀመሪያ እንዳለ ይመለሳል። ምሥጢሩ ሲጠየቅ ይነገራል። እርስዎ ደግሞ አልጠየቁኝም።»

እጅ ነሥቶ ወጣ።

ከሰዓት ምሕረትአብ አስማማው ዘንድ ገብቶ ክሱን አነሣለሁ አለ። አስማማው የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም አለው። ይግባኝ ማለት የሚችለው ተማሪው ራሱ ነው፤ እሱም እስከ ዓርብ፣ በገዛ ፊርማው። ከዚያ ወዲያ በሩ ይዘጋል።

«ለመሆኑ ስህተቱ የማን ነው ብለህ ልትመሰክር ነው?»

«የእኔ።»

አስማማው ራሱን ነቀነቀ። በዚህኛው አልቀለደም።

ምሕረትአብ ወደ ተማሪዎች ማደሪያ ሲደርስ የደሞዜ አልጋ ተራቁቷል። ጓደኞቹ ወደ ሐሙሲት የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሲገባ አይተውታል፤ የትኛው ቀበሌ እንደሚወርድ ግን የሚያውቅ አልተገኘም። ደወለ። ይጠራል፤ የሚያነሣ የለም።

ወደ መናኸሪያው ሄዶ አጥሩ ሥር ቆሞ በስልኩ ጻፈ፣ አጠፋ፣ እንደገና ጻፈ።

«ደሞዜ፣ እንዳልኮረጅክ አውቃለሁ። እስከ ዓርብ መጥተህ ይግባኙን ፈርም። ምስክርህ እኔ ነኝ።»

መልእክቱ ደረሰ። ዓርብ መጣ፣ አለፈ። ከደሞዜ ግን አንዲት ቃል አልተመለሰችም።