የእንግዳ ውሃ

ኤሲናም ለጋውን የዘንባባ ቅጠል በጉድጓዱ አፍ ላይ ሦስት ጊዜ ጠመጠመችና ቋጠሮውን በጥርሷ ጎትታ አጠበቀችው። ጉድጓዱ የእናቷ ነው። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚሁ ጠጥታለች፤ እናቷ የሞተች ቀንም ሬሳዋ የታጠበው በዚሁ ውሃ ነበር። በዶጎኮፔ ለጋ ዘንባባ የታሰረበትን ነገር ሰው አይነካም፤ እርሻ ቢሆን አይረግጠውም፣ ዛፍ ቢሆን አይለቅመውም፣ ጉድጓድ ቢሆን አይቀዳበትም። ድሮ የሚያስረው የባላባቱ ሰው ነበር። ቦኖው ከተተከለ ወዲህ ግን የውሃ መርማሪዋ ኤሲናም ናት፤ ዘንባባውም የቦኖው ቁልፍም እሷ እጅ ነው።

"የገዛ እናትሽን ጉድጓድ?" አለቻት ጎረቤቷ ዳንሲ፣ ባዶ ባልዲዋን በዳሌዋ ደግፋ። "እኔ እኮ ትናንትም ቀድቻለሁ።"

"ቀድተሽ ምን አደረግሽው?"

"ጠጣሁት እንጂ ምን አደርገዋለሁ? ጨው ጨው ይላል። ለዓሣው የምጨምረው ጨው ተረፈልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።"

"ጨው ብቻ አይደለም። ጠርሙሱ ጠቁሯል።"

የዳንሲ ሳቅ አፏ ላይ ቀረ። ጠርሙሱን የማያውቅ የከተማው ሰው የለም። ኤሲናም በየሳምንቱ ከየጉድጓዱ ቀድታ መድኃኒት ያለባት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ትጨምራለች፤ በሁለት ቀን ከጠቆረ ውሃው ከመጸዳጃ ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። ባለፈው ሳምንት ማዕበሉ የእነ ዳንሲን መጸዳጃ ቤት ከነግድግዳው ጠርጎታል። ጠርጎ ሁሉንም ወደ ባሕር ቢወስደው ምን ነበረበት? ግማሹን እዚሁ ሰፈር በትኖት ሄደ።

ባሕሩ ድሮ እንዲህ ቅርብ አልነበረም። ከእናቷ በር እስከ ውሃው ሁለት ረድፍ ኮኮናት ነበር፣ ከዚያ መረብ የሚሰጣበት ሜዳ፣ ከዚያ ደግሞ ፀሐይ ሲከር እግር የማያስረግጥ አሸዋ። አሸዋውን ጋሜሊ ወሰደው። ስድስት ዓመት ሙሉ በሦስት ገልባጭ መኪና እያስጫነ ለዋናው ከተማ ቤት ሠሪዎች ሸጠው። አሸዋው ሲሄድ ባሕሩ መጣ፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ይህን የኤሲናም እናት ከማንም በፊት አውቃ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ቀን ወንበሯን ይዛ ወጣችና ገልባጩ ፊት ተቀመጠች። ጋሜሊ ሁለት ጫኞቹን ጠራ። ከነወንበሯ አንሥተው፣ እንደ እርጥብ ሰሌን፣ ዳር ላይ አስቀመጧት። ጋሜሊ ሳቀ። እሱ ሲስቅ ሌላውም ሳቀ። ሴትዮዋ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ባሕሩ ፊቷን አዙራ አልተቀመጠችም፤ በአራተኛው ወር ሞተች።

"ሰማሽ?" አለች ዳንሲ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ቶግቤ አግቦዞ ቀትር ላይ ጋሜሊን ይዘውት እናንተ ቤት ይመጣሉ።"

"ሰምቻለሁ።"

"እና ምን ልታደርጊ ነው?"

"እንግዳ ሲመጣ ምን ይደረጋል? ውሃ ይሰጣል።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕሩን የሚገታ ግንብ ሊሠራ ድንጋይ ሊመጣ ነው፤ ሥራውን ከከተማው አንድ ሰው እንዲመራው ታዟል። ሽማግሌዎቹ መኪና አለው ብለው ጋሜሊን መረጡ። አይጥ ለቆረጠመችው ጎተራ ራሷን ዘበኛ ማድረግ ነው እንግዲህ። ነገር ግን ያልታረቀው ቤት ያለበት ሰው የከተማ ጉዳይ አይዝም። ለመታረቅ ደግሞ የተበዳዩን ቤት የእንግዳ ውሃ ግማሹን እሱ ይጠጣል፣ ግማሹን ተበዳዩ። ሁለቱም ከጠጡ ነገሩ አለቀ። አንዳቸው ካልጠጡ ግን አልታረቁም።

ኤሲናም ገብታ ከአልጋዋ ሥር የጠርሙሶቹን ካርቶን ሳበች። ለዳንሲ ያልነገረቻት ነገር አለ። የጠቆሩት ጠርሙሶች ሁለት ናቸው። አንዱ የእናቷ ጉድጓድ ነው። ሁለተኛው፣ ሰባት ቁጥር፣ የጋሜሊ ግቢ።

ሰባት ቁጥርን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ አየችው። ድፍን ጥቁር። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ይህን የሚያውቅ እሷ ብቻ ናት። በእጇ የምታደርገው አንዳች ነገር የለም፤ ዝም ማለት ብቻ ነው። ይጠጣው። የሠራውን ይጠጣው። ካርቶኑን ዘግታ ወደ አልጋው ሥር በእግሯ ገፋችው።

ዘንባባውን ከማሰሯ በፊት ከእናቷ ጉድጓድ አንድ ማሰሮ ቀድታ ነበር። ማሰሮውን ከሰል ላይ ጣደችው። እንዲሁ እንዳለ ብታቀርብለት ማን ያውቅባታል? ግን በገዛ እጇ ቆሻሻ ውሃ ለሰው ሰጥታ አታውቅም፤ ለጋሜሊ ብላ አትጀምርም። የሰባት ቁጥሩስ? እሱ በእጇ አይደለም አለች ለራሷ። ነገሩ እንዳላሳመናት ታውቃለች፤ እንደዚያም ሆኖ አለችው። ውሃው ተንተክትኮ ፈላ። ስትቀምሰው ጨውነቱ ብሶበታል። እሰይ አለች።

ቀትር ላይ መጡ። ቶግቤ አግቦዞ የባላባቱ ቃል አቀባይ ናቸው፤ የብር አናት ያለው በትራቸውን ይዘው ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ጋሜሊ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ ነጭ ልብስ ለብሷል፣ አንድ ጠርሙስ መጠጥ ታቅፏል። ዳንሲና ሌሎች ሴቶች ዓሣ የሚገለብጡ መስለው አጥሩ ሥር ተሰብስበዋል።

ኤሲናም ያፈላችውን ውሃ በቅል ቀድታ በሁለት እጇ ይዛ መጣች። "እንኳን ደኅና መጣችሁ" አለችና ለጋሜሊ ሰጠችው።

ጋሜሊ ለሙታን ጥቂት ጠብታ መሬት ላይ አፍስሶ ወደ አፉ አነሣው። አንድ ጊዜ ተጎነጨ። ጉንጩ ውስጥ ቀረ። ሊተፋው አጥሩን አየ፤ አጥሩ ሥር ሴቶቹ አሉ። ዋጠው።

"ይሄ ጨው ነው" አለ።

"ውሃ ነው። የእናቴ ጉድጓድ ነው። አፍልቼዋለሁ፣ አትፍራ።"

"እያሾፍሽብኝ ነው? ቶግቤ፣ እርስዎ ባሉበት?"

አዛውንቱ እጃቸውን ዘረጉ። "እስቲ ልቅመሰው።" ቀመሱት። ቅሉን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። "ልጅ ሆኜ ከዓሣ ማጥመድ ስንመለስ እዚህ ጋ እንቆም ነበር" አሉ። "ሌላ ጉድጓድ አጥተን አይደለም፤ ይሄ ይጣፍጥ ስለነበር ነው።" ቅሉን መልሰው ሰጡት። "ጠጣ። ግማሹ ያንተ ነው።"

ጋሜሊ ጠጣ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ሳለ፣ ደግሞ ጠጣ።

"ዓሣው ብቻ ነው የቀረው" አለች ዳንሲ ከአጥሩ ሥር፤ ሴቶቹ ሳቁ። ኤሲናም ሳቁን እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ሦስት ዓመት ስትጠብቀው የነበረ ሳቅ ነው።

"ስለ እናትሽ" አለ ጋሜሊ አፉን እየጠረገ፣ "ያነሷት ጫኞቹ ናቸው። እኔ እጄን አላሳረፍኩባትም።"

"አንተ ሳቅክ።"

"እኔ እንጃ፤ አላስታውስም።"

"የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።"

ቅሉን ተቀበለችው። ግማሹ አለ። ሁሉም እንድትጠጣ ይጠብቃል። ክዳኑን ገጠመችበትና መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችው።

"ልጄ፣ ያንቺስ?" አሉ ቶግቤ አግቦዞ።

"የኔ ይቆያል ቶግቤ። የእናቴ ጉድጓድ የጣፈጠ ቀን እጠጣዋለሁ።"

"ድንጋዩ እኮ ሊመጣ ነው። ባሕሩ አይጠብቀንም።"

"ይምጣ። ግንቡ ይሠራ፤ እኔም ድንጋይ በራሴ እሸከማለሁ። ግን አሸዋውን የወሰደ ሰው አይመራውም። ሌላ ሰው ፈልጉ፣ ከነገ ወዲያ ሳይሆን ዛሬ።"

አዛውንቱ በበትራቸው ጫፍ መሬቱን ትንሽ ጫሩ። "ሰምቻለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ለባላባቱ እንዳልሽው እነግራቸዋለሁ። ግማሹ ተጠጥቷል፣ ግማሹ አልተጠጣም።" ተነሡ።

የጋሜሊ ፊት ደም መሰለ። ያን ሁሉ ጨው የጠጣው በከንቱ ነው። "ግማሽሽን ታቅፈሽ ተቀመጪ!" አላት። "የኔ ጉድጓድ እንደሆነ፣ እግዜር ይመስገን፣ ወተት ነው። የልጅ ልጄ ገላውን የሚታጠበውም፣ ጡጦው የሚበጠበጠውም በሱ ነው። ሲጠማሽ ብቅ በይ፣ አንነፍግሽም።"

ኤሲናም የግቢውን በር ከፈተችላቸው። ተከታትለው ወጡ። ወተት ነው ይላል። ሰባት ቁጥር አልጋዋ ሥር ተኝቷል። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም፤ ጠርሙስ እንደሆነ ይታጠባል።

የልጅ ልጁን ግን አይታዋለች። የጋሜሊ ልጅ ያይራ ለአራስነት አባቷ ቤት ከገባች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ሕፃኑን ባለፈው ዓርብ ቦኖው ጋ ይዛው መጥታ ኤሲናም ራሷ አቅፋዋለች። የጡጦውን ነገር አሁን ነው የሰማችው። እሱ አሸዋ አልሸጠም። ደግሞስ ጋሜሊ ታሞ ቢተኛ ምን ይከተላል? ከተማው ሾርባ ይዞ ይጠይቀዋል፣ ያዝንለታል። እንዲታዘንለት አልፈለገችም። በሁለት እግሩ ቆሞ እንዲያይ ነው የፈለገችው።

ጠርሙሱን፣ የተረፈውን ለጋ ዘንባባ፣ ከቦኖው የቀዳችውን ማድጋ ይዛ በአቋራጭ ወጣች።

የጋሜሊ ግቢ ባለ ፎቅ ነው፤ የአሸዋ ፎቅ ይሉታል። ያይራ ጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጣ ባልዲውን ወደ ሕፃኑ መታጠቢያ ልትገለብጥ ነበር። ኤሲናም ባልዲውን ከእጇ ወስዳ መሬት ላይ ደፋችው።

"እትዬ ኤሲናም! ምነው?"

"ዛሬ ጡጦ በጥብጠሽለታል?"

"አልበጠበጥኩም፤ ጡቴን ነው የጠባው።"

"ተመስገን።" ማድጋውን አቀበለቻት። "በዚህ እጠቢው። ለጡጦው ግን ይሄንንም ቢሆን አፍልተሽ ነው።" ከዚያ ዘንባባውን ጉድጓዱ አፍ ላይ ትጠመጥም ጀመር።

ጋሜሊ በበሩ ገባ፤ ቶግቤ አግቦዞ ከኋላው፣ ከእሳቸው ኋላ ደግሞ ዓሣቸውን ጥለው የመጡት ሴቶች።

"ምን እያደረግሽ ነው? ለበቀል ብለሽ የሰው ጉድጓድ ታስሪያለሽ?"

ጠርሙሱን አነሣችለት። ሰባት ቁጥር በትልቁ ተጽፎበታል። ጋሜሊ አየው። ቀጥሎ ሕፃኑን አየ፣ መታጠቢያውን አየ። የፊቱ ደም ወረደ።

"መቼ ነው የጠቆረው?" አለ ቀስ ብሎ።

"ጠዋት ጠቁሮ አገኘሁት።"

"ጠዋት? እና እስካሁን ዝም አልሽ?"

"እስካሁን ቂም ይዤ ነበር።"

"አሁንስ?"

"አሁንም ይዣለሁ።"

ኤሲናም ወደ ያይራ ዞረች። "ቦኖው የሚከፈተው ማክሰኞና ዓርብ ነው። ላንቺና ለሕፃኑ ግን በየቀኑ እከፍትልሻለሁ፤ በማንኛውም ሰዓት ነይ።" ከዚያ ወደ ጋሜሊ። "አንተ ውሃ ስትፈልግ ሰው አትልክም። ራስህ እቤቴ መጥተህ ትጠይቀኛለህ። እቤቴ ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚቀርብለት ታውቃለህ።"

ቋጠሮውን በጥርሷ ጎትታ አጠበቀችው።

ቤቷ ስትደርስ ማሰሮው ከሰሉ ላይ እንዳለ ነው። ከእናቷ ጉድጓድ የቀዳችው ከግማሽ በላይ ተርፏል። ልትደፋው አነሣችው፤ በሩ ላይ ቆማ ጥቂት አሰበች። አልደፋችውም። ክዳን አድርጋበት ለእንግዳ በሚመች ቦታ፣ ከበሩ ሥር አስቀመጠችው።