የፊት ወንበር ማስረጃ

ተማሪዎቹ መምህሩን «የታለ» ይሉታል። ስሙ አይደለም፣ አመሉ ነው። አንድ ልጅ ገና «መምህር፣ እኔ የሚመስለኝ...» ከማለቱ «ማስረጃህ የታለ?» ብሎ አፉን ያስይዘዋል። የሰው ክርክር እንዴት እንደሚመዘን፣ አሉባልታ ከማስረጃ እንዴት እንደሚለይ የሚያስተምረው እሱ ነው። ሚስቱ ግን «ስብሰባ አምሽቶብኝ ነው» ሲላት «ማን ምስክር አለህ?» ካለችው ቤቱን በጩኸት ያናጋዋል። ያስተማረው ለተማሪ እንጂ ለሚስት አይደለማ!

በዚያ ዓመት የትምህርት ክፍል ኃላፊ መሆን አማረው። ሹመቱ የራስ ቢሮ አለው፣ የሚሽከረከር ወንበርም አለው። ምኞቱን ለአማቱ ነገራት፤ አማቱ ለሰፈሩ በሙሉ ነገረች። እንግዲህ ሳይሾም ቢቀር በየት በኩል ቤቱ ይገባል? ሹመቱ ደግሞ የሚገኘው ከትምህርት ቢሮ የሚላኩት ተቆጣጣሪዋ መጥተው ሲያስተምር አይተው ከወደዱለት፣ ዳይሬክተሩም ጥሩ ቃል ካከሉበት ብቻ ነው።

ዳይሬክተሩ በግቢው በር አጠገብ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ያስጻፉት ነገር አለ፦ «ፊት የተቀመጠ ጎበዝ ይሆናል»። ከራሳቸው ጭንቅላት ያፈለቁት ነው፤ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ቆም ብለው ያነቡታል።

«ተቆጣጣሪዋ የሚመጡ ዕለት ክርክሩ ይሄ ይሁን» አሉት መምህሩን። «ማስረጃው እንደሆነ ሞልቷል። የፊተኞቹን ማርክ እይ፣ የኋለኞቹን እይ። አለቀ!»

መምህሩ ትምህርቱን እንደ ድራማ አዘጋጀው። ማን እንደሚጠራጠር፣ ማን እንደሚጠይቅ፣ ማን በየትኛው ማስረጃ እንደሚያምን ለየልጁ አከፋፈለ። በነፃነት ማሰብን በቃል አስጠናቸው። ዋናውን ቦታ የሰጠው ኋላ ለምትቀመጠው፣ ልጆቹ «ችኮ» ለሚሏት ልጅ ነበር። አምና ተቆጣጣሪዋን ራሳቸውን ስትከራከር ውላለች። እሷ ስታምን ካዩ ግድግዳውም አመነ ይላሉ ብሎ ነው።

«መጀመሪያ አላምንም ትያለሽ» አላት። «እኔ ማርኩን ሳሳይሽ ደግሞ አሁን አመንኩ ትያለሽ። በቃ።»

«ግን አላመንኩም፣ መምህር።»

«መጨረሻ ላይ ነው የምታምኚው።»

«በምን?»

«በማርኩ ነዋ!»

«ጎበዞቹን መርጠው ፊት ያስቀመጧቸው እኮ እርስዎ ነዎት። እነሱ ድሮም ጎበዝ ነበሩ። ወንበሩ ምን አደረገ?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። የመምህሩ ጆሮ ቀላ። ለተማሪ ይህን የመሰለ መልስ ማስተማር ሥራው መሆኑ ለጊዜው ጠፋበት።

«እሺ፣ ምን ብናደርግ ታምኛለሽ?» አለ፤ ጉዱን በገዛ አፉ ጠራው።

«የኋላዎቹን ፊት፣ የፊቶቹን ኋላ ያስቀምጧቸውና ይፈትኑን።»

መቼም ወንበሩ ትንሽ ነገር ሳይጨምር አይቀርም ብሎ ተስማማ። ቦርሳ ተጎተተ፣ በመስኮት ዳር ቦታ ሁለት ልጆች ሊቧቀሱ ደረሱ፤ ጎበዞቹ ፊታቸውን አጨፍግገው ኋላ ገቡ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ተማሩና ተፈተኑ። ጎበዞቹ ኋላ ሆነውም እዚያው ጎበዝ ናቸው። ወደ ፊት የመጡት ጭራሽ ባሰባቸው።

«ምን ነካህ አንተ?» አለው መምህሩ አንዱን።

«ፊት ለፊቴ ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ነው ያለው፣ መምህር። ከማን ልኮርጅ?»

ተቆጣጣሪዋ በማግስቱ ይመጣሉ። መምህሩ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቶ እጁን እያሻሸ «ጌታዬ፣ ክርክሩን ብንለውጠውስ?» አለ።

«ለምን ሲባል?»

«ሞክረነው እምቢ አለ።»

«ማን ሞክር አለህ? ግድግዳውን ላስፍቅልህ?» ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጆቹን ወደየቦታቸው መልስ። ፈተና የሚባል ነገር አልነበረም። ወይስ ኃላፊነቱን ለስፖርት መምህሩ ልስጠው?»

መምህሩ የስፖርት መምህሩን በሚሽከረከረው ወንበር ላይ ፊሽካ አንጠልጥሎ በዓይነ ሕሊናው አየው። ልጆቹን መለሳቸው፤ ችኮን ደግሞ በር ላይ ጠብቆ ለብቻዋ አናገራት።

«ነገ እንዳትመጪ።»

«ምን ሆኜ?»

«ስለሚያምሽ።»

«ደህና ነኝ እኮ፣ መምህር።»

«ያምሻል አልኩሽ!»

እናቷ ግን የዋዛ ሴት አይደለችም። በማግስቱ ግንባሯን ዳበሰቻትና «ሂጂ ወዲያ፣ ከኔ ትሻያለሽ» ብላ አባረረቻት። ችኮ መጥታ ቦታዋ ላይ ቁጭ አለች።

ተቆጣጣሪዋና ዳይሬክተሩ ገብተው ተቀመጡ፤ ትምህርቱም እንደ ውሃ ፈሰሰ። የሚጠራጠረው ተጠራጠረ፣ የሚጠይቀው ጠየቀ፣ የሚያምነው አመነ። መምህሩ ወደ ኋላ ዓይኑን አላነሳም። ዳይሬክተሩ በየማስረጃው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ልክ ሊያበቃ ሲል ተቆጣጣሪዋ ብድግ አሉ።

«ያቺ የአምናዋ ልጅ የት አለች? እ፣ አንቺ! ዛሬስ ዝም አልሽ። አመንሽ?»

ችኮ ተነሳች። መምህሩን አየችው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አምኛለሁ» አለች።

«ምን አሳመነሽ?»

«ሁላችሁም እንዳምን ስለፈለጋችሁ ነው። ስንሞክረውማ አልሠራም።»

«ሞክራችሁት ነበር?» ተቆጣጣሪዋ ወደ መምህሩ ዞሩ። «እውነት ነው?»

ዳይሬክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቦርሳቸውን ተሸክመው ከኋላ ወደ ፊት፣ ከፊት ወደ ኋላ የሄዱት ልጆች ሁሉ፣ «ከማን ልኮርጅ?» ያለው ሳይቀር፣ ዓይናቸውን መምህሩ ላይ ተከሉ።

«አልሞከርንም» አለ መምህሩ። «ልጅቷ ትንሽ አሟታል።»

ልጆቹ ሁሉ ዓይናቸውን ከእሱ ነቅለው ወደ ደብተራቸው መለሱ። ችኮ ቁጭ አለች። ተቆጣጣሪዋም «እንግዲያው ይማርሽ» ብለው ጻፍ ጻፍ አደረጉና ወጡ።

ተሾመ። አማቱ በሰፈሩ ደረቷን ነፋች። ወንበሩም ይሽከረከራል፤ አንድ ከሰዓት በሩን ዘግቶ ሞክሮታል።

ክፍሉ ውስጥ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። የሚከራከረው ጠፋ። እሱ አንድ ነገር በተናገረ ቁጥር ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ልክ ነው፣ መምህር!» ይላሉ። መጀመሪያ አንጀቱ ራሰ። ኋላ ኋላ ደበረው፤ «ማስረጃችሁ የታለ?» ቢል «እርስዎ ካሉ ልክ ነው፣ መምህር!» ብቻ ሆነ መልሱ። አንድ ቀን ሊነካካቸው ፈልጎ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈ፦ «ዝናብ ከመሬት ተነስቶ ወደ ሰማይ ይዘንባል።»

«እህ? ምን ትላላችሁ?»

«ልክ ነው፣ መምህር!»

በመስኮቱ ላይ ዝናቡ እየወረደ ነበር። መምህሩ አንዲት የተነሳች እጅ ፍለጋ ወንበሩን ሁሉ በዓይኑ ዳበሰ። መጨረሻ ላይ ችኮ ጋ ደረሰ፣ እዚያው ቆመ።

ችኮ አላየችውም። አንገቷን ደፍታ፣ ማስመሪያ ይዛ፣ የጻፈውን ደብተሯ ላይ በጥንቃቄ እየገለበጠች ነበር።